ነጩ ጭስ በእንጦጦ ቁልቁለት

ዛሬ ጠዋት ዊንጌት ታክሲ ስጠብቅ አንድ ያረጀ ፒክአፕ ከፊታችን ተነሳና ሰልፉን በሙሉ በነጭ ጭስ ሸፈነው። ሰዉ አፍንጫውን ይዞ ሹፌሩን ረገመ። እኔ ግን ከሰልፉ ወጥቼ አንድ ሱቅ ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ። «ምነው እናቴ፣ አሞዎት ነው?» አለችኝ አንዲት ተማሪ። ምን ብዬ ልንገራት?

ያኔ ገና ወጣት ነበርኩ፤ የምንኖረውም ሸጎሌ። አባታችን ሲያርፍ የቀረችን አንዲት አሮጌ የቤንዚን ፒክአፕ ነበረች። ታላቅ ወንድሜ ሰለሞን በግ ነጋዴዎችን ከነበጎቻቸው እያመላለሰ ቤታችንን ያስተዳድርባታል። ክረምቱ ሊወጣ ሲል መኪናዋ ነጭ ጭስ ማውጣት ጀመረች። መጀመሪያ የጠዋት ብርድ ነው አልን። የብርድ እንፋሎት ግን ሞተሩ ሲሞቅ ይጠፋል፤ ይሄኛው ቀትር ላይም አይለቀንም። ሽታውም ዓይን ይቆጠቁጥ ነበር።

የሰፈራችን መካኒክ ጋሽ መኮንን ጭሱን አየና «ውሃ ሞተሩ ውስጥ እየገባ ነው፤ መፈታቱ አይቀርም» አለ።

ሰለሞን ግን በየጠዋቱ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ፣ ራዲያተሩን ከፍቶ ያያል። ውሃው ጢም እንዳለ ነው። «ጋሼ፣ ውሃ የምትጠጣ ከሆነ ለምን አይጎድልም?» ሲለው ጋሽ መኮንንም ግራ ገባውና ራሱን አከከ። «እስቲ ከንግሡ በኋላ አምጣትና እንያት።»

የእንጦጦ ማርያም ንግሥ ደረሰ። እናታችን ስለት ነበረባት። ጎረቤቶቻችን ከኋላ ካሶኒው ላይ ተሳፈሩ፤ እናቴና እኔ ጋቢና ገባን። ዳገቱን ያለ ችግር ወጣነው። ዝናቡ አባርቶ ባሕር ዛፉ ይሸታል፤ መንገዱ ዳር አደይ ፈክቷል። ታቦቱ ከገባ በኋላ ሣሩ ላይ ተቀምጠን ድፎ ዳቦ በላን። እናቴ እንደዚያ ቀን ስትስቅ ያየኋት ጥቂት ጊዜ ነው።

ስንወርድ ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ከኋላ ሆነው ጣራውን ደበደቡ። «ኧረ ሶል፣ በጭስ ጨረስከን!» ዞሬ በኋላው መስታወት ሳይ ነጭ ደመና ተከትሎናል። ትንሽ አስተዋልኩ። ሰለሞን ፍሬን ሲይዝ ጭሱ ይጎርፋል፤ ሲለቅ ይሳሳል።

«ሶል፣ ፍሬን ስትይዝ እኮ ነው የሚብሰው» አልኩት።

ሊመልስልኝ አፉን ሲከፍት የፍሬኑ መርገጫ ከነእግሩ እስከ ወለሉ ሰመጠ።

«ፍሬን የለኝም» አለ ቀስ ብሎ፣ እናታችን እንዳትሰማ። እሷ ግን ሰምታለች። ክንዷን ደረቴ ላይ ዘርግታ ከመቀመጫው ጋር አጣበቀችኝ። ሰለሞን ማርሽ ቀነሰ፤ ሞተሩ አጓራ። የእጅ ፍሬኑን ሳበ፤ መኪናዋ ተንገጫገጨች እንጂ አልቆመችም። ከፊታችን ከንግሥ የሚመለስ ሕዝብ መንገዱን ሞልቶታል፤ አሮጊቶች፣ የታዘሉ ሕፃናት። መሪውን ወደ ተራራው ጠምዝዞ ቦዩ ውስጥ ከተታት። ጎኗ አፈሩን እየፋቀ ተጎተተችና ቆመች።

ማንም አልሞተም። የእናቴ ክንድ ግን ተሰብሮ ነበር።

ጋሽ መኮንን ተጠርቶ መጣ። ኮፈኑን ከፈተ። ራዲያተሩ ሙሉ ነው፤ የፍሬን ዘይቱ ዕቃ ግን ደርቋል። ጎማዎቹን አንድ በአንድ አየ፤ የፈሰሰ ነገር የለም። በመጨረሻ ፍሬን መርገጥን የሚያቀለውን ክብ ቆርቆሮ ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘውን ቱቦ ነቀለ። ከውስጡ የፍሬን ዘይት ተንጠባጠበ። ጣቱን አሸተተና ፊቱ አመድ መሰለ።

«ውሃ አይደለም» አለ። «ሞተሩ በዚህ ቱቦ የፍሬኑን ዘይት ሲስብ ነው የከረመው። ያ ሁሉ ጭስ ፍሬናችሁ ነው፤ ሲቃጠል የነበረው ፍሬናችሁ ነው።»

ሰለሞን «እኔ ውሃውን ስጠብቅ…» ብሎ ሳይጨርስ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ወንድሜ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ነድቷል፤ እኔ ግን መሪ ጨብጬ አላውቅም። እስከ ዛሬ የሚያስደነግጠኝ ቦዩ ውስጥ መግባታችን አይደለም። ሞታችን በጠራራ ፀሐይ፣ ዓይናችን እያየ፣ በየቀኑ ከኋላችን ሲወጣ መክረሙ ነው። አሁን ልጆቼ በአዲሱ መኪናቸው እንጦጦ ይወስዱኛል፤ እየሳቁ፣ ሙዚቃ ከፍተው። ቁልቁለቱ ሲጀምር ግን፣ ከኋላ ወንበር ላይ እንደተቀመጥኩ፣ ምንም መርገጫ በሌለበት፣ ቀኝ እግሬ ወለሉን አጥብቆ ይረግጣል።