ጳጉሜን የጎደለችበት ፕሮግራም

ልጅ እያለሁ፣ በኬንያ በኩል ባለችው ሞያሌ፣ ማንያታ ሰፈር ካለችው ምግብ ቤታችን ግድግዳ ላይ ሁለት ካላንደር ጎን ለጎን ይሰቀል ነበር፤ አንዱ የሐበሻ፣ አንዱ የኬንያ። ከወዲያ ማዶ፣ ከኢትዮጵያ የመጣ ነጋዴ ከኬንያዊ ሹፌር ጋር «ወር በገባ በአምስተኛው ቀን እንጭናለን» ተባብሎ ይጨባበጣል። ቀኑ ሲደርስ አንደኛው የለም! ከዚያ በዘይት በሚጠበስ ትኩስ ማንዳዚ ሽታ መሃል ጭቅጭቁ ይደራል። አባባ ካላንደሮቹ ሥር ቆሞ በጣቱ እየቆጠረ ያስታርቃቸዋል።

ሁለተኛ ደረጃ ገብቼ የኮዲንግ ክበብ ስቀላቀል ያ ጭቅጭቅ ትዝ አለኝ፤ የኛን ቀን ወደ ኬንያው የሚቀይር፣ ዕለቱንም የሚናገር ፕሮግራም ልጽፍ ተነሳሁ። የክበቡ ክፍል አቧራና የጋለ ፕላስቲክ ይሸታል። አንድ ኪቦርድ ለሦስት እንሻማለን። መብራት ድንገት ሲጠፋ የሁላችንም ጩኸት እስከ መንገዱ ይሰማል። እንዴት ደስ ይል ነበር!

አባባ ግን ነርስነት ትማሪያለሽ ብሎ ቆርጧል። ኮምፒውተር ለሱ ጨዋታ ነው። እማዬ ስትለምነው ከርማ፣ በመጨረሻ የወላጆች ቀን መጥቶ ሊያይ ተስማማ፤ ለሰው የሚረባ ነገር ካየ የፈለግኩትን ልማር፣ ካላየ ነርስነት።

የዚያን ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። እኔም ጉራዬን ልነፋ እማዬን ወደ መድረክ ጠርቼ የተወለደችበትን ቀን ጠየቅኳት። ጳጉሜን ሦስት ብላ ከነዓመቱ ነገረችኝ። አስገባሁት። ስክሪኑ ላይ በቀይ «እንዲህ ያለ ወር የለም» የሚል ወጣ። ጉድ ፈላ! በዚያ ካላንደር ሥር ያደግኩ ልጅ፣ የትምህርት ቤቱን የኬንያ ካላንደር ለምጄ ዓመቱን በአሥራ ሁለት ወር ዘግቼዋለሁ።

«ወይኔ ልጄ፣ በቁሜ ሰረዝሽኝ እኮ!» አለች እማዬ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። አባባ ብቻ አልሳቀም። እንባዬ መጣ፤ ነርስነቱ ታየኝ። የኮምፒውተር መምህራችን ቀስ ብሎ መጣና በስዋሂሊ «ስህተቱ የት እንዳለ ታውቂያለሽ። ቁጭ በይና አርሚው» አለኝ።

ያ ሁሉ ሰው እያየኝ ተቀመጥኩ። አሥራ ሦስተኛዋን ወር አስገባሁ፤ አምስት ቀን፣ በየአራት ዓመቱ ስድስት። እንደገና ሞከርኩ። ስክሪኑ «ሐሙስ» አለ። እማዬ «እውነቱን ነው፣ በሐሙስ ገበያ ነው የወለድኩሽ ትለኝ ነበር እናቴ!» ብላ እልልታዋን አቀለጠችው። አባባ ተነስቶ ወጣ። ማታ ራት ላይ ግን፣ ቀና ሳይል፣ የፈለግሽውን ተማሪ አለኝ።

ዛሬ ናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ኮምፒውተር ሳይንስ እማራለሁ፤ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። የሞያሌ ነጋዴም ቀኑን ከስልኩ ላይ ያያል፤ የኔን ፕሮግራም የሚፈልግ የለም። ጭቅጭቁ ሳይቀር ይናፍቀኛል። አባባ በበኩሉ ሻይ ሊጠጣ ለገባ ሁሉ ስለኔ ሳያወራ አይለቅም፤ አፍራለሁ፣ ደግሞ ደስ ይለኛል።

ባለፈው ዕረፍት ሞያሌ ስሄድ፣ ያን ቀን ሳልሳሳት በአንዴ ሠርቶልኝ ቢሆን ምን ትል ነበር ብዬ አባባን ጠየቅኩት።

«ማሽኑ ነው የሠራው ብዬ ነርስነት እልክሽ ነበር» አለኝ። «ሲበላሽ ነው አንቺ መሆንሽን ያየሁት።»