ማርያምን ያልኩ ቀን

ልጅ እያለሁ፣ መቱ ውስጥ ማርፈድ ማለት አርጩሜ ማለት ነበር። የጭቃው፣ የእርጥብ ሹራባችን ሽታ ሳይቀር ዛሬም ትዝ ይለኛል። አስተማሪዎቹ በር ላይ ይዘውን በኦሮምኛ «ማል ጎቴ?» ይሉናል፤ ምን አደረግሽ ማለታቸው ነው። ርዕሰ መምህሩ ጋሼ ተሬሳ ግን ቁጢጥ ብለው፣ ዓይን ዓይናችንን እያዩ «ማል ታቴ?» ነበር የሚሉት። ምን ሆንሽ? ከዚያ ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ጸሎተኛ ሰው ነበሩ፤ እግዜር እንኳ እያወቀ አዳምን ጠይቆታል፣ እኔ ማን ነኝና ሳልጠይቅ የምፈርደው ይሉ ነበር።

ሌንሴ አጠገቤ ነበር የምትቀመጠው። ስድስተኛ ክፍል ሳለን አንድ ቀን ከመማሪያ ክፍሉ ጀርባ ወስዳኝ፣ አክስቷ አዲስ አበባ ሰው ቤት ልታስቀጥራት መሆኑን፣ አባቷም መስማማቱን፣ ቅዳሜ እንደሚሄዱ ነገረችኝ። እነሌንሴ ጴንጤ ናቸው፣ እነሱ ዘንድ መማል ነውር ነው፤ እኔን ግን «ለማንም አልናገርም፣ ማርያምን በይ» አለችኝ። አልኩ።

ጋሼ ፊቷ ላይ የሆነ ነገር አይተው ኖሯል፣ ጠየቋት፤ አልተናገረችም። ቀጥለው እኔን ቢሯቸው አስጠሩኝ። ከወንበራቸው ተነስተው አግዳሚው ላይ አጠገቤ ተቀመጡና «ሌንሴ ምን ሆና ነው ልጄ?» አሉኝ። እኔ እንጃ አልኩ። ቆይተው ደገሙልኝ። እኔ እንጃ። ይኼ አፌ፣ ሌላ ጊዜ ዝም በል ሲሉት የማይሰማ፣ ያን ቀን ጨዋ ሆነ።

ሰኞ ቦታዋ ባዶ ነበር። ጋሼ መወሰዷን ሰምተው ኖሮ ሰልፍ ላይ ወጥተው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አጠያየቁን አላወቅሁበትም ብለው በእኛ በልጆቹ ፊት ይቅርታ ጠየቁ። እኔ ሰልፉ መሀል ቆሜ ጫማዬን አያለሁ። ራሴን እንደዚያ ቀን ጠልቼው አላውቅም።

ዛሬ ጋሼ የሉም። እኔ ቡሬ ላይ ርዕሰ መምህር ሆኛለሁ። አርጩሜው ቀርቷል፤ ምን ዋጋ አለው፣ ጠያቂውም አብሮ ቀርቷል። ልጅ ሲጠፋ «ትምህርት አቋራጭ» ብለን ቅጽ ላይ ሞልተን ወደ ስብሰባችን እንሄዳለን።

አምና ሌንሴን መቱ መናኸሪያ አገኘኋት። እጆቿ በበረኪና ተላልጠዋል። ተቃቅፈን አለቀስን። ምስጢሯን እስከ ዛሬ ለማንም እንዳልተነፈስኩ ነገርኳት፤ እንደ ውለታ ቆጥሬው እኮ ነው።

«እኔማ አባቴን ፈርቼ ነው ያልተናገርኩት» አለች። «አንቺ ለጋሼ ትነግሪያቸዋለሽ ብዬ እስከ ቅዳሜ ጠብቄ ነበር።»