ለአዛውንት ቅድሚያ የሰጠው የኢሉባቦር ጉብኝት

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት፣ አዲስ አበባ

ማስታወቂያው «አምስት ቀን በኢሉባቦር፦ ተራራ፣ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን፣ ፏፏቴ፣ የማር አምራች ቤተሰብ ጉብኝት» ይላል። ከሥሩ በቀይ «ለአዛውንት ቅድሚያ እንሰጣለን» የሚል ተጨምሮበታል። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቅድሚያ የሰጠኝ ታክሲ እንኳ የለም፤ ስለዚህ በዚያው ዕለት ከፈልኩ። ባለቤቴ «በዚህ ጉልበትህ ነው ተራራ የምትወጣው?» አለችኝ። እኔ ሻንጣዬን አወረድኩ።

ተሳፋሪዎቹ አስር ነን፤ ስድስት ወንዶችና አራት ሴቶች። ከሃምሳ ዓመት በታች የሆነ የለም። አስጎብኚያችን ገመቹ ይባላል፤ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው የመቱ ልጅ ነው። ድርጅቱ ማለት እሱና ስልኩ ናቸው። መኪናው በር ላይ ቆሞ ለወንዶቹ አንዳንድ አዲስ ጋቢና አንዳንድ ከዘራ አደለን። «ለብርዱና ለዳገቱ ነው፤ ዋጋው ውስጥ ተካቷል» አለ። ጸጉሩን ጥቁር የተቀባ አንድ ሰው አብሮን ነበር፤ ገመቹ ትክ ብሎ አየውና «ጋሼ፣ ምነው ባይቀቡት ኖሮ» አለው። ለሽበት የሚጨነቅ አስጎብኚ ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

አጠገቤ የተቀመጡት ጋሼ ማሞ ዕድሜያቸውን በፍርድ ቤት ሬጅስትራርነት የፈጁ፣ ማኅተም ያላረፈበትን ነገር የማያምኑ ሰው ናቸው። ከፊታችን ጡረታ የወጡት ነርስ እትዬ ዘውዴ የመድኃኒት ቦርሳቸውን ታቅፈዋል።

ግቤን ስንሻገር ገመቹ ማይክራፎን ያዘ፤ እስከ መቱ አለቀቀውም። ኬላ ላይ ወርዳችሁ ተፈተሹ በተባልን ቁጥር «ይህ የአካባቢው አቀባበል ነው» ይለናል። ጅማ ላይ ክትፎ የተባለው ምሳ ጥብስ ሆኖ መጣ፤ ገመቹም «የጅማ ክትፎ እንዲህ ነው» አለ። ከበደሌ ወዲያ ግን እሱም ቢሆን ማጋነን አላስፈለገውም። መንገዱ ዳርና ዳሩ ጫካ ነው፤ ጭጋጉ ከዛፎቹ ሥር እየተነሳ አስፋልቱን ያቋርጣል፤ የዛፎቹ ቅርንጫፍ ላይ ረጃጅም ቀፎዎች ተጋድመዋል። 

መቱ የገባነው ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ነው። «ፏፏቴ የሚታይበት ክፍል» ተብለን ነበር። መስኮቴን ስከፍት የሚታየው የጎረቤት ቆርቆሮ ነው። ፏፏቴውም አልቀረም፤ ከአልጋው በላይ በፖስተር ተለጥፏል።

ረቡዕ፣ ቡሬ

ይሄኛው የጎጃሙ ቡሬ አይደለም፤ ከመቱ ወደ ምዕራብ የሚገኘው ነው። ገበያው በቡና፣ በበቆሎና በጎደሬ ተሞልቷል። አንዲት ሻጭ በኦሮምኛ ዋጋ ጀምራ በአማርኛ ተከራክራ በሁለቱም ሰድባኝ አንድ እጅ ሙዝ ሸጠችልኝ። ርካሽ ነው፤ ስድቡም በዋጋው ውስጥ ነው።

ከዚያ ወደ «ጥንታዊው ቤተ ክርስቲያን» ዳገት ወጣን። ገመቹ ከደጀ ሰላሙ ፊት ቆሞ ዘጠኝ መቶ ዓመት ያስቆጠረ ነው ሲለን አንድ ቄስ ከኋላው ቆመው ያዳምጡ ነበር።

«ልጄ፣ ይኼን ቆርቆሮ የመታው እኮ አባቴ ነው» አሉት ቄሱ።

ገመቹ አልደነገጠም። «አባ፣ እኔ ያልኩት መሬቱን ነው» አለ። ጋሼ ማሞ ወደ እኔ ዘንበል ብለው «ይኼ ልጅ ምስክር ሆኖ ቢቀርብ ዳኛው ያብዳል» አሉኝ። እኔም ማስታወሻዬ ላይ «ውሸታም» ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ሐሙስ፣ ሶር ፏፏቴ

«አስራ አምስት ደቂቃ ነው፤ ለጥ ያለ ሜዳ» አለ ገመቹ። ለአፍ ዳገት የለውም። ከአንድ ሰዓት በላይ በጭቃና በዛፍ ሥር መካከል ቁልቁል ወረድን። ጉሬዛዎች ከላይ ሆነው ነጭ ጭራቸውን አንጠልጥለው ያዩናል፤ እኛ ከፍለን እነሱ በነጻ መቀመጣቸውን የሚያውቁ ይመስላሉ።

ፏፏቴው ግን የተወራለትን ያህል ነው። ውሃው ከገደሉ አፍ ተወርውሮ ከታች ጭስ ሆኖ ይነሳል፤ ጋቢያችን በደቂቃ ውስጥ ራሰ። ስለ ቁመቱ ገመቹን ጠዋት ጠይቄው የነገረኝና እዚያው ቆመን የነገረኝ ሲነጻጸሩ በመካከላቸው አንድ ፎቅ ቤት ይገባል። ይሁን። እውነት ለመናገር፣ ለዚህ ውሃ ስል ጉልበቴንም ክትፎውንም ይቅር ብያለሁ።

ችግሩ የመጣው ስንመለስ ነው። እትዬ ዘውዴ ዳገቱ መሐል ላይ ጉልበታቸው ከዳቸውና ቁጭ አሉ። «እናንተ ሂዱ፤ እኔ እዚሁ ከጉሬዛው ጋር እኖራለሁ» አሉ፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሯል። ገመቹ ጎንበስ ብሎ አዘላቸው። በየመታጠፊያው «ደረስን እትዬ፤ ይቺ የመጨረሻዋ ናት» ይላቸዋል። ሰባት የመጨረሻ ዳገት ቆጥሬያለሁ። እሳቸውም በየውሸቱ እየሳቁ ሕመሙን ረሱት። ላይ ስንደርስ የልጁ ከንፈር ነጭ ሆኖ ነበር፤ የቀረችውን ውሃ ለእሳቸው ሰጥቶ መኪናው ጎማ ላይ ተደገፈ።

አርብ፣ ከንጋቱ አስራ አንድ ተኩል፣ ወደ ኖፓ

«ማር የሚቆረጠው በጠዋት ነው፤ ቁርስም እዚያው ነው» ብሎ ቀሰቀሰን። የሆቴሉ አስተናጋጅ ሰምታ «ማር በጠዋት? ቀፎ የሚቆረጠው በሌሊት ነው» ብላ ሳቀች። ገመቹ ግን ዛሬ ሌላ ሰው ሆኗል፤ ጫማውን ወልውሎ፣ ሸሚዙን ተኩሶ ለብሷል። ማይክራፎኑንም አልነካም። ኖፓ አቅራቢያ አንድ የእግር መንገድ አፍ ላይ መኪናውን አስቆመና ለእያንዳንዱ ወንድ አንዳንድ እፍኝ እርጥብ ሰርዶ አስያዘን።

«የአካባቢው ባህል ነው። ጋቢያችሁን ደርቡ፣ ከዘራ አትርሱ፣ ወንዶች ከፊት። ቤቱ ያ ነው።»

«አንተስ?» አልኩት።

«እኔ መኪናው ጋ እጠብቃለሁ።»

የማያስጎበኝ አስጎብኚ! እያጉረመረምን ሄድን። ግቢው በቡና ዛፍ የተከበበ ነው። በሩ ላይ የነበሩ ሕፃናት ሲያዩን «ጃርሶሊ ዱፈን! ጃርሶሊ!» እያሉ ወደ ውስጥ ሮጡ። ጋሼ ማሞ ነቀምት ፍርድ ቤት ስለሠሩ ኦሮምኛ ይሰማሉ፤ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ሽማግሎች መጡ ነው የሚሉት» አሉ። ሰርዶውን አዩ፤ ከዘራውን አዩ፤ የአምስታችንን ሽበት አዩ። «ወገኖቼ፣ ተሸውደናል። ልጁ ሚስት ሊጠይቅብን ነው ያመጣን።»

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ለመመለስ ዘወር ስንል የቤቱ ጌታ ብቅ አሉ። ኦቦ ተሬሳ ይባላሉ፤ ካፖርት የለበሱ፣ ረጅምና ፊታቸው ያልተፈታ ሰው ናቸው። «አካም ቡልተኒ? በደህና አደራችሁ? ተቀመጡ» አሉ። አግዳሚ ወንበሮቹ አስቀድመው ተደርድረዋል። ሴቶቹን የቤቱ እመቤት ወደ ውስጥ አስገቧቸው። ወዲያው ትኩስ ዳቦና በሳህን ሙሉ ነጭ ማር መጣ። እጄን ስዘረጋ ጋሼ ማሞ በከዘራቸው መታ አደረጉኝ።

«ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀምስም» አሉኝ በሹክሹክታ።

ከንጋት ጀምሮ ባዶ ሆዴን ነኝ። ተነስቼ «እኛ ጎብኚዎች ነን፤ ማሩን ስጡን» ልል ስል እትዬ ዘውዴ ከጓዳ ወጥተው ውሃ የሚያቀብሉኝ መስለው ጆሮዬ ሥር ጎንበስ አሉ።

«ልጅቷ ሌንሴ ትባላለች፤ እዚህ ትምህርት ቤት አስተማሪ ናት። ሌሊቱን አልተኛችም። አባቷ የገመቹን ሽማግሌ ሁለት ጊዜ መልሰዋል። ዛሬ ሦስተኛው ነው። ከመለሱ በቃ፤ እሁድ የአንድ ቡና ነጋዴ ሽማግሎች ከቡሬ ይመጣሉ፤ ለዚያ እሺ ሊሉ ነው። አደራህን፣ አፍህን ጠብቅ!»

ኦቦ ተሬሳ ፊት ለፊታችን ተቀመጡ። «መጀመሪያ የመጡት የመናኸሪያ ሾፌሮች ነበሩ። ቀጥሎ ደላሎች መጡ። ሁሉም ሲያመሰግኑት ዋሉ። ማር ነው፣ ወተት ነው አሉኝ። ማርስ እኔም አለኝ። እናንተ ከአዲስ አበባ ድረስ መጥታችኋል። ይኼን ልጅ ስንት ዓመት ታውቁታላችሁ?»

ጋሼ ማሞ መዋሸት አይችሉም፤ ከዘራቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ጸጉሩን የተቀባው ሰውዬ መሬት መሬት አየ። ዓይን ሁሉ እኔ ላይ አረፈ።

«አራት ቀን» አልኩ።

 ከጓዳ አንድ ነገር ወድቆ ሲሰበር ሰማሁ።

«በአራት ቀን ምን አያችሁ?»

ለአራት ቀን ሳፌዝበት የሰነበትኩት ሰውዬ አሁን ዋስ ልሆንለት ነው። ላመሰግነው ፈለግኩ፤ አፌ ግን ከእውነቱ ሌላ አላመጣልኝም። «ኦቦ ተሬሳ፣ ልጁ ይዋሻል» አልኩ። «የቤተ ክርስቲያን ዕድሜ ይዋሻል፤ የመንገድ ርቀት ይዋሻል። እኛንም ዋሽቶ ነው እዚህ ያደረሰን። ማር ስትቆርጡ ልናይ ነበር የመጣነው። ትናንት ግን ጓዳ ያሉትን እትዬ ዘውዴን ከሶር ሥር እስከ መኪናው አዝሎ አወጣቸው። ለዚያ የከፈለው የለም። ውሃ ጠምቶት ሊወድቅ ሲል ያለችውን ውሃ ለእሳቸው ሰጠ። እኔ ያየሁት ይኼን ነው። ስለ ሌላው አልምልም።»

ኦቦ ተሬሳ ወደ ጓዳ «እውነት ነው?» አሉ። እትዬ ዘውዴ ያበጠ ጉልበታቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። «እውነት ነው፤ እስቲ ይዩት» አሉ።

ልጁ ይጠራ ተባለ። ገመቹ መጥቶ እጁን አጣምሮ ቆመ። «እነዚህ ሰዎች ምንህ ናቸው?» አሉት። ዘመዶቼ ናቸው ይላል ብዬ ጠበቅሁ። ገመቹ ወደ እኛ አየ፤ ላብ በላብ ሆኗል።

«ጎብኚዎች ናቸው» አለ። «የምልከው ሰው አጣሁ።»

ኦቦ ተሬሳ ልጁን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «በሚመጣው ወር በዛሬዋ ዕለት ኑ» አሉን በመጨረሻ። «እናንተው ኑ። ሌላ ሽማግሌ አልቀበልም። የቡሬዎቹን እሁድ አትምጡ እላቸዋለሁ።» ብለው ተነሱ። ማሩም ተመልሶ ገባ።

ቅዳሜ፣ መመለሻ

መኪናው ውስጥ ጩኸት ሆነ። «ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው! እንደገና?» የሚል አለ፤ ገንዘቤን መልስ የሚል አለ። ጋሼ ማሞ ብቻ ተረጋግተዋል። «እምቢ የሚል ሰው እግራችሁን አታድክሙ ይላል እንጂ እናንተው ኑ አይልም» አሉ። «ቀጠሮ የተሰጠው መዝገብ አልተዘጋም።» ገመቹ ከሾፌሩ አጠገብ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። እስከ ጅማ ስለ አንድም ተራራ አልዋሸንም፤ መንገዱም በጣም ረዘመብን።

ቤቴ የገባሁት ማምሻውን ነው። ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳት። ስትስቅ ቆይታ ድንገት አቆመችና አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

«የማን ልጅ ነው?»

አፈርኩ። ዋስ ቆሜ የመጣሁለትን ሰው የአባቱን ስም አላውቀውም። ስልኬን አንስቼ ደወልኩለት።

«ገመቹ፣ የአባትህ ስም ማነው?»

  «ጋሼ፣ አባቴን አላውቀውም» አለኝ። «እናቴ መናኸሪያ በር ላይ በቆሎ እየጠበሰች ነው ያሳደገችኝ። መታወቂያዬ ላይ በአባት ቦታ ያለው የእናቴ አባት ስም ነው። ሽማግሌ የሚልክ እኮ አባት ነው። ሾፌሮቹንም ደላሎቹንም የላክኳቸው ለዚያ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከንም?»

«ብነግራችሁ ማን ይመጣልኝ ነበር?»

የሚያንገበግበኝ ይህ ጥያቄ ነው። ቢነግረን ኖሮ ወጪውን አስልተን፣ አዝነንለት፣ ቤታችን እንቀር ነበር። ስልኩን ዘግቼ ያለኝን ለባለቤቴ ነገርኳት።

«እና በቀጠሮው ቀን በአባቱ ቦታ ማን ሊቆምለት ነው?»

«እኔ» አልኳት።

 ቁም ሳጥኑን ከፍታ ለገዛ ልጃችን ሠርግ የለበስኩትን ሙሉ ልብስ አወጣች፤ ወደ ብርሃኑ አስጠግታ ኮሌታውን መረመረችና፣ ሰኞ ላውንደሪ እንድወስደው በሩ ላይ ሰቀለችው።