የኮምፒውተሩ ቀን ልክ ነበር

ከመቱ የወጣሁት ጎህ ሲቀድ በሚነሳው አውቶቡስ ነው፤ መሰነባበታችን ግን በዋዜማው አመሻሽ ላይ ፎቶ ኮፒ ቤቴ ውስጥ አልቋል። ታላቅ እህቴ እትዬ ዘውዴ እቤት ሆነው ሻንጣዬን ያስራሉ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ እኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄን ሰላምን ወንበሬ ላይ አስቀምጬ ሥራ አስተምራለሁ። እናቷ ገና በሕፃንነቷ ሞታባታለች፤ አሁን ደግሞ እኔ ልሄድ ነው። ልጄን አቅፌ ማልቀስ ሲገባኝ ስለ ቀለምና ስለ ወረቀት አወራለሁ። ፈሪ ስለሆንኩ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

«በየወሩ መባቻ ቀኑን ታስተካክያለሽ» አልኳት። ኮምፒውተሩን በእኛ አቆጣጠር አድርጌው ነበር፤ ዓመቱም፣ ወሩም፣ ሰዓቱም የሐበሻ። ደንበኞቼ ከዳሪሙ፣ ከኖፓ፣ ከቡሬ ማመልከቻ ሊያስጽፉ የሚመጡ ሰዎች ናቸው፤ ደብዳቤያቸው ላይ ቀኑ በራሱ እንዲገባ ብዬ ነው። ከፈረንጁ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቢቀርም ማንንም አልጎዳም፤ ቤቱ ያኔ ኢንተርኔት አልነበረውም። የፈረንጁ ወር ሠላሳ አንድ ሲል በእጅ እንመልሰዋለን፤ ጳጉሜንን ኮምፒውተሩ ስለማያውቃት እነዚያን ጥቂት ቀናት ራሳችን እንጽፋለን። ሰላም ሁሉንም ደብተሯ ላይ አሰፈረች።

«ብረሳውስ አባዬ?»

«አትረሺውም።»

አልረሳችውምም።

የተሰደድኩት በአንድ ማመልከቻ ምክንያት ነው። ሰዎች መጡ፣ የሚሉትን ተየብኩ፣ አተምኩላቸው፣ ሄዱ። ከሳምንት በኋላ አንዱ ወገን መጥቶ «ለምን ጻፍክ?» አለኝ፤ በማግስቱ ሌላው ወገን መጥቶ «ለምን አሳጥረህ ጻፍክ?» አለኝ። ሐሳቡ የእኔ አይደለም፣ እኔ የምተይብ ሰው ነኝ ብዬ ብምል ብገዘት የሚሰማኝ አጣሁ። ሁለቱም ተመልሰው እንደሚመጡ ነግረውኝ ነው የወጡት።

ስለ በረሃውና ስለ ባሕሩ ሌሎች ብዙ ተናግረዋል፤ አብረውኝ ከተሳፈሩት ሁሉም አልደረሱም፣ ከዚህ በላይ ማለት አልችልም። እኔ ጀርመን ደረስኩ። እዚህም እንደ ኢሉባቦር ይዘንባል፤ ግን ጣሪያው ቆርቆሮ ስላልሆነ ዝናቡ ድምፅ የለውም፣ መዝነቡን የምታውቁት ስትወጡ ነው። ድንቻቸውን ስበላ የቡሬ ጎደሬ ከማር ጋር ትዝ ይለኛል። ጎረቤት ሰላም ሲሉት ምን እንደፈለግህ ይጠይቅሃል። ሥራዬ የምግብ መጋዘን ውስጥ ነው፤ ቀኑ ያለፈበትን ዕቃ እየለየሁ አወጣለሁ።

የመኖሪያ ወረቀቴን እስካገኝ ከአምስት ዓመት በላይ ፈጀ። ወረቀቱ ሲመጣ ልጄን የማስመጣት መብት ይዞልኝ መጣ፤ ነገር ግን ማመልከቻዋ አሥራ ስምንት ዓመት ሳይሞላት፣ ከልደት ምስክር ወረቀቷ ጋር፣ እሷው ካለችበት አገር በኢንተርኔት መግባት ነበረበት። ለዚሁ ብዬ ገንዘብ ልኬ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ውስጥ መስመር አስገባን። የልደት ወረቀቱን ለማውጣት ግን ሰላም ወደ ቀበሌ ለወራት ተመላለሰች። መስኮቱ ላይ ያለው ሰው ባያት ቁጥር «ቦሩ ኮቱ፣ ነገ ነይ» ይላታል። በኋላማ ሳትናገር ገና ከበሩ ስትደርስ በእጁ «ነገ» ይላት ጀመር። ወረቀቱ እጇ ሲገባ ልደቷ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር።

በእነዚያ ቀናት አካባቢው ላይ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ድምፅ ብቻ ነበር የሚሠራው። መንገዱም ስለማያስተማምን ወደ ጅማ መውጣት አልተቻለም። መስመር ያለው አንድ መሥሪያ ቤት ሄዳ ብትለምን ዘበኛው ከበር መለሳት። የቀረን የእኛው ኮምፒውተር ነው። የማመልከቻው ድረ ገጽ ደግሞ ብራውዘሩ አርጅቷል፣ አድሱና ተመለሱ ብሎ በሩን ዘጋ። ኢንተርኔት የሚከፈትበትን ያን ፕሮግራም እኔው ከመሄዴ በፊት በፍላሽ የጫንኩት ነበር።

«አባዬ፣ አፕዴት አልተሳካም ይላል።»

«አጥፍተሽ አብሪው።»

«አብርቻለሁ። አሁንም አልተሳካም። ቀንና ሰዓት ያረጋግጡ የሚልም አለው።»

አንድ ነገር በጭንቅላቴ ብልጭ አለ። የኮምፒውተር ቀን ከተዛባ ኢንተርኔቱ ማንንም አያምንም፤ ይህን ማንም የሙያው ሰው ያውቃል። «ቀኑ ልክ ነው?» አልኳት። ግድግዳው ላይ ካለው ካላንደር ጋር ስታመሳክር የወረቀቱ ድምፅ ይሰማኛል።

«ልክ ነው አባዬ። ሰዓቱም ልክ ነው።»

«ጎበዝ» አልኳትና ያንን ጉዳይ ዘጋሁት።

ከዚያ ያላስነካኋት ነገር የለም። የተጠራቀመውን ፋይል አስጠፋኋት፣ አንቲቫይረሱን አስዘጋኋት፣ ብራውዘሩን አስራግፌ ከፍላሹ መልሼ አስጫንኳት። ሁለተኛው ቀን እሑድ ነበር፤ እሑድ እዚህ «ሩሄ» ነው፣ ጸጥታ ማለት ነው፣ ሚስማር እንኳ አይመታም። አከራዬ ሽማግሌ ሴት ናቸው፤ ስጮህ ጊዜ ከፎቅ ወርደው በሬን አንኳኩ።

«ማንን ነው የምትሳደበው?»

«ኮምፒውተር ነው።»

ቤቴን ቃኙት። «ኮምፒውተር የለህም።»

«አፍሪካ ነው ያለው።»

«ታዲያ ከዚህ ስትጮህ ይሰማሃል?» ብለው ነገ ከሥራ ሰዓት በፊት እንዳልጮህ አስጠንቅቀውኝ ወጡ። ሦስተኛው ቀን መቱ መብራት ጠፋ። ሲመጣ መሽቶ ነበር፤ ሰላም ያንኑ ስህተት አነበበችልኝ፣ እኔም ያንኑ መፍትሔ ነገርኳት። ደክሟት ድምፅዋ ሰለለ። «አባዬ፣ ነገ እኮ ልደቴ ነው» አለችኝ። አውቃለሁ አልኳት። እንኳን አደረሰሽ ለማለት አፌ እምቢ አለኝ።

በማግስቱ መጋዘን ውስጥ የእርጎ ካርቶን አንስቼ ቀኑን ሳነብ እጄ እዚያው ቀረ። ዓመቱን ደግሜ አየሁት። ካርቶኑን ወርውሬ መጸዳጃ ቤት ገባሁና ደወልኩ።

«ሰላምዬ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ዓመት አንብቢልኝ።»

አነበበችልኝ። ከእርጎው ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነበር። «ልክ ነው እኮ፣ ወሩንም ሰሞኑን ነው ያስተካከልኩት፣ አንተ እንዳሳየኸኝ» አለችኝ። የፈረንጁን ዓመት፣ ወር፣ ቀንና ሰዓት ነገርኳት፤ እሷም ለወጠችው። ትንሽ ቆይታ «አባዬ እየሠራ ነው! ግማሽ ደረሰ! ጨረሰ! ተከፈተ!» ብላ ጮኸች። ለደቂቃ ያህል ሁሉንም ረስቼ አብሬያት ጮህኩ። ከዚያ የልደት ቀኗን አስገባች።

«ዕድሜዎ አልፏል ይላል» አለችኝ።

ቀኑን እንዳትነኪው፣ እንዳለ ተይው፣ እኔ እዚህ እናገራለሁ አልኳት። በሳምንቱ ቀጠሮ አግኝቼ፣ ቀጠሮ እዚህ «ተርሚን» ይባላል፣ ያለ እሱ ሰው መሞትም የሚችል አይመስለኝም፣ አንዲት ሹም ፊት ቀረብኩ።

«ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ ነበር?»

«የለም፣ ደህና ነበር።»

«ቀኑ ተሳስቶ ነበር?»

«የለም፣ ልክ ነበር።»

«ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው?»

«ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነበር።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ልክ ሆኖ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ?»

«በእኛ አገር፣ አዎ።»

«እንግዲያው በእናንተ አገር ልጅህ ገና አሥር ዓመቷ ነው» አለችና ፈገግ አለች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ፊቴን ስታየው ደንግጣ መሐረብ አቀበለችኝ። ሕጉ ግን የሚያየው ማመልከቻው የገባበትን ቀን ነው፣ ያልገባበትን ምክንያት አይደለም አለችኝ። ይግባኝ የሚባልበት አድራሻ ጽፋ ሰጠችኝ፤ ተስፋ አድርግ ግን አላለችኝም።

ማታ ደወልኩ። ያነሱት እትዬ ዘውዴ ናቸው። ሳልናገር ገባቸው፤ «በል እሷን ላገናኝህ» ብለው ስልኩን ፎቶ ኮፒ ቤት ድረስ ወሰዱላት። ለሰላም ሁሉንም ነገርኳት።

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኳት። «እንዲያ አድርጊ ያልኩሽ እኔ ነኝ።»

«አንተ ምን ታደርግ አባዬ፣ ቀኑ እኮ ልክ ነበር።»

ከጀርባዋ ሰዎች በኦሮምኛ ያወራሉ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል፣ ይሰማኛል። ከዳሪሙ በእግራቸው የመጡ ሰዎች ማመልከቻ እየጠበቁ ነው አለችኝ። ሳምንቱን ሙሉ እንዳትነኪው ስላልኳት ቀኑን በእጇ ስትጽፍ ነው የሰነበተችው።

«አባዬ፣ አሁን ቀኑን ወደ ነበረበት ልመልሰው?»

ይግባኙን አሰብኩ፣ የሹሟን ፊት አሰብኩ። «መልሺው» አልኳት።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ወሩን፣ ቀኑንና ሰዓቱን መልሳ ዓመቱን አንድ በአንድ ወደ ኋላ ስታወርደው የማውሱን ጠቅታ ቆጠርኩ። ስምንተኛው ላይ ቆመች።

«ልክ ሆነ አባዬ» አለችኝ።