በሕድሪ ግቢ የበቀለው በለስ

ናይሮቢ፣ ኢምባካሲ ሰፈር፣ ከጭነት መጋዘኖቹ ጀርባ፣ የሕድሪ ግቢ አጥሩ የቁልቋል በለስ ነው። አስመራ ተወልዳ፣ አዲስ አበባ ልብስ ስትሰፋ አማርኛ ለምዳ፣ ናይሮቢ ያረጀች ሴት ናት። ፍሬውን ብቻ ለሚያውቀው የሰፈሩ ሰው ቅጠሉም እንደሚበላ ያስተማረችው እሷ ነች። እሾሁን በቢላ ፍቃ፣ በቀጭኑ ከትፋ፣ በሽንኩርትና በቲማቲም ስትሠራው ጥሩ የጾም ወጥ ይወጣዋል። አንዲት ነርስ ደግሞ አሰሩ ስኳር ቶሎ ደም ውስጥ እንዳይገባ እንደሚያግዝ ነገረቻት። ምነው ባልነገረቻት! ከዚያ ወዲህ የስኳር ሕመምተኛ ሁሉ ደጇን ያንኳኳል።

ባሏ ክፍሎም ባለፈው ሁዳዴ ሞተ። ልቡ ነው ተባለ፤ ሕድሪም ልቡ ነው አለች።

ዘንድሮ በሁዳዴ የመጀመሪያው ሰኞ፣ ረፋድ ላይ፣ ኪሌሌሽዋ ሰፈር ምግብ ቤት ያላት እህተማርያም መጣች።

«እትዬ ሕድሪ፣ ለእናቴ ቅጠል ይስጡኝ። የስኳር መርፌዋን ጠዋት ተወግታ ጾሙን ይዛለች።»

«መርፌ ተወግታ? መብላት አለባት እንጂ!»

«ቄሱም ፈቅደውላት ነበር፣ እምቢ አለች። ‹ሕድሪ ስኳር ያለበትን ባሏን በበለስ ቅጠል ጭማቂ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ታስጾመው አልነበር?› ትለኛለች።»

ሕድሪ ቅጠል የምትፍቅበትን ቢላ አስቀመጠች። ምክር ብቻ ሰጥታ መሸኘት ትችል ነበር፤ ስሟም አይነካም። ግን ሴትዮዋን ያጸናት የክፍሎም ጾም ነው፣ እሱን ካላፈረሰችው ማንም አያስበላትም።

«ልቡ አልነበረም» አለች። «መርፌውን ተወጋ፣ እኔ እንደ መድኃኒት የቅጠሉን ጭማቂ ብቻ ሰጠሁት። ይይዝሃል አልኩት። ላብ አጠመቀው፣ አፉ ተሳሰረ። የጾም ድካም መስሎኝ ጋደም በል አልኩት። ስኳሩ ወርዶ ኖሯል። አንድ ብርጭቆ ጣፋጭ ሻይ ያተርፈው ነበር። እኔ ነኝ የገደልኩት፣ ልጄ። በለስ ምግብ ነው፤ የምግብን ቦታ አይተካም፣ የመድኃኒትንም።»

እህተማርያም ስልኳን አወጣችና ድምፁን ከፍ አድርጋ ደወለች።

«እማዬ፣ ደህና ነሽ?»

«ላብ ላብ ይለኛል… እጄም ይንቀጠቀጣል» አለች እናቷ፣ ቃሉ እየተጎተተ።

«አሁኑኑ ሻይ በስኳር ጠጪ! ብዙ ስኳር!»

«ጾሜስ?»

ሕድሪ ስልኩን ነጠቀቻት። «ይጠጡ እናቴ! ሕድሪ ነኝ። ባሌን ያጣሁት በዚህ ነው። ኃጢአቱ በእኔ ይሁን!»

ከወዲያ ማዶ ፔርሙዝ ሲከፈት፣ ማንኪያ ብርጭቆ ሲመታ ተሰማ። እህተማርያም ሕድሪን ቀና ብላ ማየት አቅቷት ወደ አጥሩ ዞረች። ሕድሪ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ ለክፍሎም ያልሰጠችው ሻይ ለማታውቃት ሴት ሲማሰል ቆማ አዳመጠች።