የሐጂ እንድሪስ ሰዓት ቀን የለወጠችበት ምሽት

ከምጽፈው ውስጥ ጥቂቱን አዛብቼ አስታውሼ ይሆናል። ወሩ ግንቦት ይመስለኛል፤ ከሙቀቱ ተነሥቼ ነው እንጂ ማስረጃ የለኝም። የአባቴ ሱቅ ግድግዳ ሰማያዊ ነበር እላለሁ፤ እኅቴ ደግሞ አረንጓዴ ነበር ትላለች። ስለ ሁለቱ ሰዓቶች ግን አልጠራጠርም። ዛሬም ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን እንደተቀመጡ ይታዩኛል።

ልጅ እያለሁ አባቴ በሸዋ ሮቢት፣ ከዋናው መንገድ ዳር፣ የእጅ ሰዓት ይጠግን ነበር። ሱቁ ከአንድ የኒም ዛፍ ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ስትሆን፣ በረንዳዋን ከልብስ ሰፊው ከጋሽ ሞላ ጋር ይጋራት ነበር። ውስጧ አባቴ የሰዓት ዕቃ የሚያጥብበት ቤንዚን ይሸታል፤ ደጇ ደግሞ ወደ አዲስ አበባ የሚጫነው ሽንኩርት። እኔ የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ስለነበርሁ፣ ከሰዓት በኋላ እዚያው ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እሠራ ነበር።

ሐጂ እንድሪስ በአቅራቢያችን ባለችው በጀውሃ ከተማ ነጋዴ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ያሰሯት የስዊስ ሰዓት ነበረቻቸው፤ በአካባቢያችን ስሟን የማያውቅ፣ ክብሯንም የማያወራ አልነበረም። በዚያ ዓመት ጅዳ የሚኖረው ልጃቸው የዚያችኑ ሰዓት አዲስ ሥሪት ላከላቸው። አሮጌዋ ትንሽና ቀጭን ነበረች፤ ፊቷ እንደ ቅቤ ቢጫ ሆኖ፣ በየማለዳው በጣት ካልሞሏት ትቆማለች፤ የምትናገረውም ሰዓትና ደቂቃ ብቻ ነበር። አዲሲቱ ወፍራምና ከባድ፣ ፊቷም ጥቁር ሆኖ በክንድ እንቅስቃሴ ራሷን ትሞላለች፤ በስተቀኟ ደግሞ የቀኑን ቁጥር የምታሳይ ጠባብ መስኮት ነበረቻት። ሁለቱም በእኛ አቆጣጠር ተሞልተው ስለነበር፣ ፀሐይ ስትወጣም ስትጠልቅም አሥራ ሁለትን ያሳያሉ። ሐጂ ከሱብሂ ሶላት ሲወጡ፣ ልክ ማለዳ አሥራ ሁለት ላይ፣ ቁጥሯ ሲለወጥ ለሰው ማሳየት ይወዱ ነበር።

እኔም ያንን ማየት ነበር የተመኘሁት። አንድ ቀን ሐጂ ሰንሰለቷ ሰፍቷቸው እንዲጠብብ አመጧት። አባቴ ሁለት ቀለበት አውልቆ ጨረሰና ምሳውን ሊበላ ወጣ። ሰባት ሰዓት ሆኗል። ከጎኗ ያለችውን መሙያዋን በጥፍሬ ስቤ አወጣሁና ወደፊት አዞርኋት። አሥራ ሁለት አለፈች፤ አሥራ ሰባት የሚለው ቁጥር ግን ፈቀቅ አላለም። ተናደድሁ፤ ፈራሁም። ዙሩን አስጨርሼ ሰባት ላይ መለስኋት፣ ደቂቃዋን ከግድግዳው ሰዓት ጋር አስተካከልሁና መሙያዋን ወደ ቦታው ገፋሁ። ሰዓቱ ያው፣ ቀኑም ያው ስለነበር ምንም እንዳላደረግሁ አመንሁ።

በሦስተኛው ቀን፣ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ሐጂ በረንዳው ላይ ቆሙ። ሰላምታ እንኳ አልሰጡም።

«ጌታቸው፣ ይቺ የኔ አይደለችም» አሉት አባቴን።

«የርስዎ ናት ሐጂ።»

«የኔዋ ቀን የምትለውጠው ከሱብሂ በኋላ ነው። ይቺ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ በመግሪብ ትለውጣለች። ሆዷን ቀይረህብኛል!»

ሰዓት ጠጋኝ የሚታማው በዚህ ነው፤ ደህናውን ሞተር አውጥቶ ሌላ ይከታል ይባላል። እንዲህ ያለው ወሬ ከጀውሃ አጣዬ ለመድረስ አንድ የገበያ ቀን ይበቃዋል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ለአባቴ ሰዓቱን አምኖ የሚሰጥ አይኖርም።

«ክዳኗን አልከፈትሁም» አለ አባቴ። «መሙያዋንም አልነካሁም። ከሰንሰለቷ ሁለት ቀለበት ነው ያወለቅሁት።»

ሐጂ አሮጌዋን ከኪሳቸው አውጥተው፣ ከእጃቸው ከፈቷት ከአዲሲቱ ጎን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጧት። «ይቺ ሠላሳ ዓመት አብራኝ ስትኖር አንድ ቀን አላታለለችኝም።»

«እሷማ ቀን መቼ ታውቅና፣ በምን ታታልልዎት!» አለ ጋሽ ሞላ ከስፌት መኪናው ሳይነሣ። ማንም አልሳቀም።

አሥራ ሁለት ሰዓት እስኪሞላ እንዲጠበቅ ተስማሙ። መንገደኛው እየቆመ በረንዳው ሞላ። እኔ ደብተሬን አቅፌ ጥግ ይዤ ነበር። እነዚያ ደቂቃዎች የረዘሙብኝን ያህል በሕይወቴ የረዘመብኝ ፈተና አላስታውስም። አሥራ ሁለት ሞልቶ ጥቂት እንዳለፈ፣ አሥራ ዘጠኝ የነበረው ሃያ ሆነ።

«አያችሁ?» አሉ ሐጂ። ወደ አባቴም ዞረው፣ «ነገ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆመህ ማልልኝ። ከማልህ አምንሃለሁ» አሉት።

አባቴ እውነት ይዞም ቢሆን መሐላ የሚፈራ ሰው ነበር። አልምልም ካለ ደግሞ ሌባነቱን ያመነ ያህል ነው። ሰዓቷን አንሥቶ አገላበጣት፤ ከዚያ ቀና ብሎ ወደ እኔ ተመለከተ።

«እኔ ነኝ ያዞርኳት» የሚሉት ሦስት ቃላት የተሰሙት ያን ጊዜ ነው። ከእኔ አፍ እንደወጡ አስታውሳለሁ። ለዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼም፣ ኋላም ለባለቤቴ የነገርኋቸው እንዲሁ ነው፤ ስለ ልጅነቴ ከማወራው ሁሉ የምኮራበትም ይህ ነበር።

አባቴ መሙያዋን ሳበና ሐጂ እያዩ አንድ ሙሉ ዙር አዞራት፤ ቁጥሯ አልተለወጠም። ሁለተኛ ዙር አዞራት፤ ሃያ አንድ ሆነ። «በቀን ሁለቴ ትዞራለች፤ ቀን የምትለውጠው ግን አንዴ ነው» አለ። «አንድ ዙር ብቻ ከተጨመረባት የንጋቱ ወደ ምሽት ይዛወራል። ሆዷ ያው ነው።» ቁጥሯን ወደ ሃያ ካስተካከለ በኋላ፣ «እንደ ድሮው በንጋት እንድትለውጥ ላድርግልዎት?» ሲል ጠየቃቸው።

ሐጂ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ተዋት። የኛ ቀን የሚገባው በመግሪብ አይደል? ይቺ ገና አሁን ሰለመች!»

«ሐጂ፣ በረንዳዬ ላይ ማስለም የለም!» አለ ጋሽ ሞላ፤ አሁን ሁሉም ሳቀ። አዛኑ ሲሰማ ሐጂ ሁለቱንም ሰዓቶች ይዘው ወደ መስጊድ ሄዱ።

አባቴ ካረፈ ቆይቷል። ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ፣ በአንድ ሱቅ መስታወት፣ የዚያችን ሰዓት የዛሬ ሥሪት አየሁ። ከሐጂ አዲሲቱም ይበልጥ ወፍራለች፤ ከፊቷም ይልቅ መስታወቱ ላይ የሚያርፈው መብራት ይታያል። አጠገቤ የነበሩት ወጣቶች ፎቶ አንሥተዋት አለፉ፤ ስንት ሰዓት እንደምትል ግን አላዩም፤ ስልካቸው ይነግራቸዋል። እኔ ያደግሁበት በረንዳ አንዲት ቁጥር እስክትለወጥ ድረስ ትንፋሹን ይዞ የሚጠብቅ ነበር። በዚያው ሳምንት ወደ ሸዋ ሮቢት ወረድሁ።

የአባቴ ሱቅ የስልክ ቻርጀር መሸጫ ሆኗል። ጋሽ ሞላ ግን ወፍራም መነጽር አድርጎ ዛሬም ይሰፋል። ያን ምሽት እንዴት እንደተናገርሁ ስተርክለት መኪናውን አቆመ።

«አንተ? አንተማ ደብተርህን አፍህ ላይ ለጥፈህ ነበር! የተናገረው አባትህ ነው።»

ተከራከርሁት፤ እርጅና ነው ብዬም አሰብሁ። በማግስቱ ጀውሃ ሄድሁ። ሐጂ እንድሪስ ዓይናቸው ቢደክምም አእምሯቸው እንደ ድሮው ነው። ጋሽ ሞላ ያለኝን ሳልነግራቸው «ያዞርኳት እኔ ነኝ ያለው ማን ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ጌታቸው ነዋ» አሉ ሳያመነቱ። «አልነካሁም ብሎ በሰው ፊት ከተናገረ በኋላ ቃሉን አጠፈ። ሰዓት ጠጋኙ ጃጀ ብዬ ስንት ዓመት ሳቅሁበት! አንድም ቀን አልመለሰልኝም። አንተ ያን ዕለት ድምፅህም አልተሰማ።»

ሁለቱን ሰዎች ለየብቻቸው ነው የጠየቅኋቸው፤ መልሳቸው አንድ ነው። የተናገረው አባቴ ነው።