በአጥር በኩል የገባ ጉርሻ

ልጄ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሲሆነው፣ መብላት እንደማይችል በስልክ ተነገረኝ። ኮሮና ከመምጣቱ ሁለት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው። እኔ ያን ሰዓት ያቭኔ ከተማ፣ በምሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ፣ አንዲት አሮጊት ገንፎ በማንኪያ እያበላሁ ነበር። የደወለችው እኛ በምንኖርበት በገዴራ ያለው የማዖኑ ኃላፊ ናት፤ ማዖን ማለት እናቶች ሥራ ሲሄዱ ሕፃናት የሚውሉበት ቤት ነው።

«ልጅሽ መብላት አይችልም» አለችኝ።

ሳቄ መጣ። ልጄን በዓይኑ ያየ ሰው እንዲህ አይልም። ጉንጩ ወርዶ ከትከሻው የተገናኘ፣ ለክትባት ስንሄድ ነርሷ የጭኑን እጥፋት ገልጣ ገልጣ የምትወጋበት ቦታ የምትፈልግ ልጅ ነው።

«አይበላም ነው ወይስ አይችልም?»

«አይችልም። ሳህኑን ፊቱ እናስቀምጥለታለን። እጆቹን ጭኑ ላይ ያደርግና አፉን ይከፍታል። ሌሎቹ በልተው ተነሥተው ይሄዳሉ፤ እሱ አፉን እንደከፈተ ነው።»

አሁን ሳቄ ጠፋ። የማን ሥራ እንደሆነ አወቅኩ።

አባቴ ቂርያት ማላኪ ከተማ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻውን ነው የሚኖረው። እናቴ ከሞተች ወዲህ ከሰንበት በቀር በየቀኑ አውቶቡስ ተሳፍሮ ገዴራ እኔ ቤት ይመጣ ነበር። ሌላ ሰው ጡረታ ሲወጣ አትክልት ይተክላል፤ እሱ ልጄን ማጉረስ ያዘ። ይጠቀልላል፣ እፍ ይልበታል፣ ያጎርሳል። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ይልና ሁለተኛውን ያስከትላል። አባባሉ ሁለት ላይ እንደሚያበቃ ማንም አልነገረውም፤ እሱ እስከ አሥራ ሁለት ያደርሰዋል።

የሚያናድደኝ ደግሞ እኛን ስድስት ልጆቹን ሲያሳድግ አንድም ቀን አጉርሶን አለማወቁ ነው። ወደዚህ አገር ሳንመጣ፣ ጎንደር፣ ገጠር እያለን፣ ቀድሞ የሚበላው እሱ ነው። እኛ ግድግዳ ተደግፈን ቆመን፣ እጁ ከገበታው ወደ አፉ ስትመላለስ በዓይናችን እንሸኛታለን፤ ሲጠግብ የተረፈው የእኛ ነው። እንግዲህ የማጉረስ ጥበብ በሰባ ዓመቱ የተገለጠለት ይህ ሰው ነው።

ኃላፊዋ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ግን ቁርጥ ያለች ናት። «ሃያ ልጅ አለ፣ ሁለት ሠራተኛ አለ። አፍ ለአፍ የምንዞርበት እጅ የለንም። እስከ ፋሲካ ራሱን ችሎ ካልበላ ሌላ ቦታ ፈልጊለት» አለችኝ። ሌላ ቦታ ማለት ቤት ነው፤ ቤት ማለት ደግሞ እኔ ሥራዬን መልቀቄ ነው። ባሌ ቤኤር ቱቪያ ባለ ፋብሪካ ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛ ሰው ነው፤ ሁለት ዓመት የሆነው ልጅ ደግሞ ለተኛ ሰው አይሰጥም።

ማንኪያ ገዛሁና ትምህርት ጀመርን። ልጁ ማንኪያውን ፀጉሩን ሊያበጥርበት ሞከረ፣ ከዚያም ጠረጴዛውን መታበት። እጄ እየሄደ እንዳያጎርሰው ብዬ ሁለቱን እጆቼን ተቀምጬባቸው እመለከተዋለሁ። በሳምንቱ መጨረሻ ከልጄ ሆድ በቀር ምስር ያልደረሰበት የቤቱ ክፍል አልነበረም።

አባቴ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን እያደረግሽው ነው?»

«ብቻውን መብላት እያስተማርኩት ነው፣ አባዬ።»

«ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል!»

ግድግዳ ተደግፌ የቆምኩበት ዘመን ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ፤ ዋጥኩት።

«አንቺ ያቭኔ ሄደሽ የማታውቂውን ሽማግሌ ስታጎርሺ ደመወዝ ይከፍሉሻል» አለ። «እኔ የገዛ የልጅ ልጄን በነፃ ባጎርስ ወንጀል ሆነ?»

እውነቱን ነው። ሰው እውነቱን ሲነግረኝ ደግሞ እቆጣለሁ። ልጁ ማንኪያ እስኪለምድ ድረስ ማጉረስ የሚባል ነገር በቤቴ እንዳላይ አልኩት።

«ቤሰደር» አለ።

አባቴ የዕብራይስጥ ትምህርት ቤት ከርሞ ይዞ የወጣው ሦስት ቃል ነው፦ ቤሰደር፣ «ቶሎ በል» የሚሉበት ያላ፣ «አመሰግናለሁ» የሚሉበት ቶዳ። ሌላው ሰው ቤሰደር ሲል እሺ ማለቱ ነው። አባቴ ሲል ግን ወሬው አለቀ፣ የፈለግኩትን አደርጋለሁ ማለቱ ነው። እኔ ይህን እያወቅኩ አመንኩት።

ከዚያ ነገሩ ግራ የሚያጋባ ሆነ። ከማዖኑ ልጅሽ ምሳውን ጭራሽ አይነካም፣ አሁንማ አፉንም መክፈት ትቷል ይሉኛል። ጤና ጣቢያ ወስጄ ሳስመዝነው ጨምሯል። ሚዛኑ ተበላሽቷል ብዬ ነርሷን ሌላ ሚዛን አስመጣኋት፤ በዚያኛውም ጨምሯል። በሁለተኛው ሳምንት ሌሎች ልጆችም ምሳ መተው ጀመሩ። መጀመሪያ ሁለት፣ ከዚያ አምስት። ኃላፊዋ ቫይረስ ሳይሆን አይቀርም ብላ እጅ ስለመታጠብ ማስታወቂያ በሩ ላይ ለጠፈች። እኔም የልጄን እጅ ጠዋት ማታ እንደ ድስት ፈተግኩት።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ኃላፊዋ ደወለች።

«አሁኑኑ ነይ።»

«ታመመ?»

«ነይ ብቻ!»

ከያቭኔ ገዴራ ያለው መንገድ እንደዚያ ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም። ስደርስ ኃላፊዋ እጄን ይዛ ወደ ጓሮው መስኮት ወሰደችኝ።

ጓሮው ጥግ፣ ከዛፉ ጀርባ፣ ሠራተኞቹ ምሳ ሲያሰናዱ ዓይናቸው የማይደርስበት ቦታ አለ። ከአጥሩ ውጪ አባቴ የተገለበጠ የአትክልት ሳጥን ላይ ተቀምጧል። ባርኔጣውን አድርጓል፣ ከዘራውን አጥሩ ላይ ሰቅሏል፣ የምሳ ዕቃው ጭኑ ላይ ነው። ከአጥሩ ውስጥ ሰባት ሕፃናት፣ አንዱ ካንዱ ኋላ፣ አፋቸውን ከፍተው ተሰልፈዋል። ልጄ እንደ ድግስ ባለቤት ከፊት ቆሟል።

«ያላ! ያላ!» ይላል አባቴ፤ በብረቱ መሃል እጁን ያሾልካል፤ ያጎርሳል፤ «ቶዳ» የሚለውም ራሱ ነው። አንድ ቀይ ፀጉር ልጅ ጎርሶ ሲያበቃ ዞሮ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ይቆማል።

«እኛ እጅ እንኳ ለማስታጠብ አሰልፈናቸው አናውቅም» አለች ከአጠገቤ የቆመችው ሠራተኛ፣ ቅናት በሚመስል ድምፅ።

ኃላፊዋ ግን ፊቷ ነጭ ሆኗል። የተቆጣች መስሎኝ ነበር፤ ፍርሃት ነው። ሰልፉ ውስጥ ደረቷ ላይ ምልክት የተለጠፈባት ትንሽ ልጅ አሳየችኝ። «ያቺን አሁን ገና አየኋት፤ ሰሊጥ ከቀመሰች ጉሮሮዋ ይዘጋል። ሰውየው ቋንቋችንን አይሰማም፤ ምን እያበላቸው እንደሆነ አንቺ ጠይቂው።»

እየሮጥኩ ወጣሁ። አባቴ ሲያየኝ ደስ አለው።

«መጣሽ? ነይ እስቲ ዕቃውን ያዥልኝ፣ እጅ አነሰኝ።»

«አባዬ፣ ምንድን ነው ያጎረስካቸው? ምን አለበት?»

«ሽሮ ፍትፍት ነዋ። በርበሬ የለውም፤ የመጀመሪያ ቀን አቃጥሏቸው ስላለቀሱ አልጫ አደረግኩት።»

«ሰሊጥስ?»

«ሽሮ ላይ ሰሊጥ የሚያደርግ ማን ነው? አበድኩ እንዴ?»

ወደ መስኮቱ ዞሬ «ሰሊጥ የለበትም!» ብዬ ጮኽኩ። ኃላፊዋ ልጅቷን አቅፋ ግማሽ ሰዓት ያህል አፍ አፏን ስታያት ቆየች። ልጅቷ ምንም አልሆነችም፤ ወደ አጥሩ ለመመለስ ብቻ ትታገላለች።

አባቴ መጀመሪያ ተቆጣ። «መርዝ የማበላ መሰላት?» አለ። የልጅቷን ነገር ነገርኩት። «ያቺ ትንሿ?» አለኝ። «እሷን እኮ ሁለቴ አጉርሻታለሁ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብዬ።» የምሳ ዕቃውን ክዳን ገልብጦ ሊገጥመው ታገለ። እንደዚያ ቀን አርጅቶ አይቼው አላውቅም።

«ሁለተኛ እዚህ አልመጣም በያት። ልጁን ግን እንዳታባርረው።»

ነገርኳት። «እስከ ፋሲካ፣ እንዳልኩሽ ነው» አለች።

አውቶቡስ እየጠበቅን ሳለ ያልገባኝን ጠየቅኩት። «ለመሆኑ ያንተ ምሳ የታለ?»

«ያው ነበር።»

«ለእነሱ የሰጠኸው?»

«ብቻዬን አይወርድልኝም» አለና ወደ መንገዱ ዞረ።

እዚያ የአውቶቡስ ማቆሚያ ላይ አለቀስኩ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ስንት ጊዜ ሱሪው እንደሰፋበት አይቼ፣ እርጅና ነው ብዬ አልፌ ነበር።

ከማግስቱ ጀምሮ አስተማሪው አባቴ ሆነ። ማታ ማታ ከልጁ ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ ልጁ የሚያየውን ነው የሚያደርገው ብዬው ስለነበር እሱም በማንኪያ ይበላል። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ማንኪያ የያዘው መድኃኒት ሲታዘዝለት ብቻ ነው። አሁን ሁለት ተማሪ ሆነብኝ። ልጁ ደረቱ ላይ ሲያፈስ አባቴ ጺሙ ላይ ያፈሳል፤ ከዚያ ተያይተው ይስቃሉ፤ እኔ ሁለቱንም በአንድ ፎጣ እጠርጋለሁ። ግን አባቴ ይበላ ነበር። ልጁ አንድ ማንኪያ ሲውጥ እሱ ሦስት ይውጣል።

ፋሲካ ሳምንት ሲቀረው ከማዖኑ በዋትስአፕ ፎቶ መጣልኝ። ልጄ ቀይ ወጥ እስከ ቅንድቡ ተለቅልቆ፣ ማንኪያውን እንደ ጦር አንሥቷል፤ ሳህኑ ባዶ ነው። «ብቻውን በላ! ከእኛ ጋር ይቆያል» ይላል ከሥሩ። የማበላት አሮጊት ፎቶውን ሳሳያት አጨበጨበች።

ዓርብ ዕለት፣ ሰንበት ሳይገባ፣ ምሥራቹን ይዘን ቂርያት ማላኪ ሄድን። አባቴ ፎቶውን አቅርቦ አርቆ አየ። «ዛሬስ ይገባዋል» አለና እጁን ታጥቦ፣ የድሮውን የሚያህል ጉርሻ ጠቅልሎ፣ እፍ ብሎበት ለልጁ ዘረጋ።

ልጄ የአባቴን እጅ በመዳፉ ገፋ።

«ለቫድ!» አለ።

«ምን አለኝ?» አለ አባቴ።

ጠግቤያለሁ ነው የሚለው ልለው እችል ነበር። አሰብኩትም።

«ብቻዬን ነው የሚለው፣ አባዬ።»

«ብቻውን የበላ» የሚለውን ተረቱን ጠበቅኩ። አልመጣም። «ጎበዝ» አለ፣ ቀስ ብሎ። ልጁም ማንኪያውን ሞልቶ ግማሹን አፉ፣ ግማሹን አገጩ ላይ አደረገ። ማዖኑ አይቀርበትም፣ እኔም ከሥራዬ አልወጣም፤ የለፋንበት ሁሉ ተሳካ። የአባቴ እጅ ግን እዚያው ገበታው ላይ እንደተዘረጋ ቀርቷል። ወጡ ወደ አንጓው ይወርዳል። መልሶ ያኑረው ወይስ ራሱ ይብላው፣ አላወቀም።

ተነሣሁ። ጠረጴዛውን ዞሬ ከልጄ ወንበር አጠገብ ተንበረከክኩ። እጆቼን ጭኔ ላይ አድርጌ አፌን ከፈትኩ።

አባቴ ትክ ብሎ አየኝ። «አንቺም?» አለ።

ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ከዚያ ግድግዳ ሥር ጀምሮ ተራዬን ስጠብቅ እንደኖርኩ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። አጎረሰኝ። ጨው በዝቶበታል፤ ዓይኔ ሲሞላ በጨው አሳበብኩ።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» አለና ሁለተኛውን መጠቅለል ጀመረ።